ጋቢ የለበሰው ድኩላ

እኔ መቼም እጄ ሥራ አይፈታም፤ ያረጀ የብረት አልጋ ቆራርጬ፣ ሁለት ጎማ ገጥሜ፣ ከብስክሌቴ ኋላ የምትጎተት ተሳቢ ሠራሁ። ታዲያ ከጎረቤቴ ከአበጀ ጋር አደን ወጥተን አንድ ደህና ድኩላ ጣልን። ባርከን አርደን ተሳቢዋ ላይ አጋደምነው። አበጀ ጋቢውን አውልቆ ከራስ እስከ እግሩ ሸፈነው። «ለምን?» ስለው፣ «ዛሬ እኮ የቁይ ገበያ ነው፤ ያየ ሁሉ ሥጋ ይለምነናል» አለኝ።

ብስክሌቱን እየገፋን ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አንዱ ገበያተኛ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላው አህዮቹን ወደ ዳር አወጣልን። እኔ ሞኙ፣ «እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው!» እያልኩ እሄዳለሁ። ዞር ስል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በዝምታ ይከተሉናል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዜር ያጽናህ ልጄ፤ ማን ነው ያረፈው?» አሉኝ። አበጀን ባየው መሬት መሬት ያያል። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ቀንዱን አሳየኋቸው።

ሽማግሌው ቀንዱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ የሚከተለንን ሰው ሁሉ ዞረው አዩ። ይቆጡኛል ስል ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና፣ «በል ቀጥል። እኛ አገር ቀብር የሸኘ ሰው እዝን ሳይቀምስ ቤቱ አይገባም» አሉኝ። ቀጥለውም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «አይዞህ፣ የዛሬውን እዝን ሟቹ ራሱ ይችለዋል» አሉኝ።