የአቶ ልሳኑ ታሪክ ከየትኛው ሣጥን ይውጣ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ውስጥ፣ ጸሐፊው ፍሬሰውና ባለቤታቸው አቶ ልሳኑ የሞቱባቸው እትዬ ወርቅያንጥፉ ነበሩ፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ «ለጋሽ» የሚለውን አጥፋው አልኩህ።

ፍሬሰው፦ እትዬ፣ ለቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያለ «ለጋሽ» ጽፌ አላውቅም።

ወርቅያንጥፉ፦ ልሳኑን ታውቀው ነበር?

ፍሬሰው፦ አላውቃቸውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ በፊደል የሚጠራ፣ ኤ የሚባል የጽሑፍ ማስቀመጫ ሣጥን አለኝ። «ለጋሽ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚለውን አንዴ ኮፒ አድርጌ እዚያ አኑሬዋለሁ። ሰው ሲሞት ከዚያ እያወጣሁ እለጥፋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ለገሠሠም ይኸንኑ ነው የለጠፍከው? ከገዛ እናቱ ጋር በአጥር ለተካሰሰው?

ፍሬሰው፦ ለእሳቸውም።

ወርቅያንጥፉ፦ እዚያ ቆሜ የምሰማው እኮ እኔ ነኝ። ለጋሽ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። አጥፋ።

ፍሬሰው፦ እሺ፣ ቆረጥኩት። አሁን ቅድም ኮፒ ያደረግሁትን ስማቸውን እዚህ እለጥፋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ «አቶ ለጋሽ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ ዛሬ ይቀበራሉ» ይላል።

ፍሬሰው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስማቸውን ኮፒ ሳደርግ ሣጥን አልመረጥኩለትም። ያልተመረጠለት ሁሉ አንድ የጋራ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የቆረጥኩት መጥቶ ቦታውን ወሰደበት።

ወርቅያንጥፉ፦ ጠፋ በለኛ።

ፍሬሰው፦ አልጠፋም። መጨረሻ ኮፒ የተደረገው ግልባጩ ዜሮ በሚባለው ሌላ ሣጥንም ይቆያል። ይኸው፣ መጣ።

ወርቅያንጥፉ፦ እንደ ሰው በማውስ ብትሠራስ?

ፍሬሰው፦ በማውስ ያለኝ አንድ ሣጥን ብቻ ነው። በኪቦርዱ ቁልፍ ከሠራሁ ለየፊደሉ አንድ አንድ ሣጥን አለኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ልሳኑም ቀላል ነገር አይወድም ነበር።

ፍሬሰው፦ እንዲህ ያለውን ይንገሩኝ። ባዶው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ?

ወርቅያንጥፉ፦ አንቱ እያልክ ጻፈው። ስኳር ይቆልፋል። ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል፣ ሲዘጉበት ይነቃል። እኔ የታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ እያደረ፣ ሂድ ቢሉት እንቢ አለ።

ፍሬሰው፦ ስኳሩ ጋ ሰው ይስቃል እኮ።

ወርቅያንጥፉ፦ ከሳቀ አወቀው ማለት ነው። የአንተን ኤ ቢሰማ ግን ማን ነው የሞተው ብሎ ይጠይቃል።

ፍሬሰው፦ ጻፍኩት። እንግዲያው ኤን ባዶ ላድርገው?

ወርቅያንጥፉ፦ ተወው። እኔ ስሞት ከዚያ ለጥፍልኝ፤ ያን ጊዜ ቆሜ የምሰማው እኔ አይደለሁም።

ጽሑፉ እንዳለ ታተመ፤ ቀብሩ ላይም ተነበበ። ያነበቡት ሰው ራሳቸው ስኳሩ ጋ ሲደርሱ ሳቁ።