ፊቱ የሳቸው፣ ጣቷ የኔ

እቱ፣ ነይ፣ ገመዱ ላይ ገና ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ፀሐይ ተገኝቶ ልብስ ሳይሰጣ ይዋላል? የኔማ ሁሉም የልጄ ነው፤ አንዱን አጥቤ ሳልጨርስ ሌላውን ያቆሽሽልኛል… ከዚህ በረንዳ ደግሞ አዲሱ ሐውልት ወለል ብሎ ይታያል። ልጅ ያዘለችው እናት… አታምርም?

እትዬ ሊቀመንበራችን ባይኖሩ ይህን ማን ያስበው ነበር? ኮሚቴውን ሰብስበው፣ «አዲስ ሰፈር ያለ ሐውልት ሰፈር አይባልም» ብለው፣ ቀራፂውን ያስመጡት እሳቸው። እኔንም የመረጡኝ እሳቸው አይደሉ? «ትከሻሽ ጥሩ ነው፤ ልጅሽን አዝለሽ ቁሚለት» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ቆምኩ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እየተኛ፣ እየነቃ፣ እያለቀሰ… ቀራፂው የግራ እግሬን ትንሿን ጣት እንኳ አልተዋትም፤ እንደተንጋደደች አወጣት። ሂጂና እያት።

ፊቱ ላይ ሲደርስ ነው እንግዲህ ለሰፈሩ የተጨነቁት። «ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅ ለሰፈሩ ምሳሌ ትሁን?» አሉ አሉ። ታዲያ ምን ያድርጉ? ከፊትም ከጎንም ፎቶ ተነስተው የራሳቸውን ላኩለት። ሰዉ «ፊት ነሷት» ይላል… ምን ነሱኝ? የራሳቸውን ሰጡኝ እንጂ! የሚገርመው ደግሞ፣ ድንጋይ ሆነውም ምንም አልተለወጡ። ፈገግታቸው ራሱ… ቀራፂው ብዙም የደከመ አይመስለኝም።

የምረቃው ዕለት ልጄ ከእጄ አምልጦ ሮጠና ከኋላ እግሯን እቅፍ! «እማዬ!» ይላል። ዞሮ ፊቷን ሲያይ ግን… ልጅ አይደል፣ ምን ያውቃል? ጩኸቱን አቀለጠው። እሳቸውም ንግግራቸውን ገታ አድርገው «የማን ልጅ ነው? ወዲያ አርቁልኝ!» አሉ። አይፈረድባቸውም… ስለ እናት ፍቅር እየተናገሩ ነበር።

እኔ ምን ቅር ይለኛል? ይልቅ የሚቆጨኝ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው በሌላ ሰው ገላ ላይ ተደርቦ መቅረቱ። ለሳቸው ግማሽ ሐውልት ይበቃል? ለብቻቸው መሆን ነበረበት… ሙሉ ስማቸው የተጻፈበት፣ ፎቷቸው የተለጠፈበት፣ እኛም ዙሪያውን ቆመን፣ አበባ አስቀምጠን…

እንደው ፈጣሪ ሳይውል ሳያድር የራሳቸውን ሐውልት ለማየት ያብቃን!

አሜን በይ እንጂ፣ እቱ።