በየጥቅምቱ የገባ ማመልከቻ

— ሄሎ? … ወአለይኩሙ ሰላም። … አዎ፣ በከር ነኝ፤ ስልኬን ሌላ ማን ያነሳዋል? … ኢክላስ፣ አትጩሂ እስቲ፣ ጆሮዬ እኮ ነው! … አይቻለሁ፣ ስምንት ጊዜ ደውለሻል። ውስጥ ነበርኩ፣ ፍርድ ቤት ገብተሽ ስልክ ማንሳት የለም።

— ልደታ ነኝ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሎሚ ጋ። … ሎሚ የምትባል ልጅ ናት፣ ሁለት ወር ሙሉ ስመላለስ የተዋወቅኳት። … አይ አንቺ! እሁድ ልትዳሪ ነው፣ አሁንም እኔን ለመዳር ትሯሯጫለሽ?

— አዎ … አዎ፣ ተገኘ። መዝገቡ ተገኝቷል። … ቆይ፣ እልል አትበይ። ኢክላስ! እልል አትበይ አልኩሽ!

— ሸሁ መጡ? … ከጁምዓ ቀጥታ? … እና ሳሎን ተቀምጠው ወረቀቱን እየጠበቁ ነው በይኛ። … ያሉትን አልረሳሁም። «አባት በሕይወት ካለ ወሊዋ እሱ ነው፣ የሚድራት እሱ ነው። ጥሏት መጥፋቱን ፍርድ ቤት ካረጋገጠ ግን ወንድሟ በቦታው ይቀመጣል።» ይሄንን ነው ያሉት። … በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ሁለት ወር ያንከራተተኝ ነገር እንዴት ይጠፋኛል?

— አጎታችን የት ናቸው? … አጠገብሽ? … ስልኩን ይዘሽ ወደ ጓሮ ውጪ። … ለምን አትበይኝ፣ ውጪ። ኔትወርክ እንቢ አለኝ በያቸው።

— ወጣሽ? … በሩን መልሺው። … አሁን ተቀመጪ። … ድንጋይ ላይም ቢሆን ተቀመጪ፣ ቆመሽ የሚሰማ አይደለም። … ማንም አልሞተም፣ አብሽሪ።

— ሎሚዬ፣ አንዴ ማሽኑን ታጠፊልኛለሽ? እህቴ ናት፣ አልሰማትም … አመሰግናለሁ። አይ፣ ሻይ አልፈልግም፣ ውሃው ይበቃኛል።

— ሄሎ፣ አለሽ? … ስሚኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያጣነው ለምን መሰለሽ? መዝገብ ቤት ያለው ትልቁ ደብተር በከሳሽ ስም ነው የተጻፈው። «ከሳሽ ማን?» ሲሉኝ «መይሙና አሊ» እላለሁ። … እናታችን ከሰሰችው፣ እሱ ሳይቀርብ ቀረ፣ በሌለበት ተፈረደበት። ያደግንበት ወሬ ይሄ ነዋ! አቶ ፈቃደ … ያ የነገርኩሽ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ፣ የሰባ ዘጠኝን ደብተር አገላበጠ፣ የሰማንያን አገላበጠ፣ መይሙና የሚባል ከሳሽ የለም። ዛሬ ጠዋት መነጽሩን አወለቀና «ልጄ፣ ምናልባት ከሳሹ አባትህ ቢሆኑስ?» አለኝ። … ሳቅኩበት። ወላሂ ሳቅኩበት! ልጆቹን ጥሎ የጠፋ ሰው ማንን ይከሳል አልኩት።

— … አዎ። በአባታችን ስም ነው የተገኘው። ከሳሽ ነስረዲን ሰይድ፣ ተከሳሽ መይሙና አሊ። … ክሱማ … «ልጆቼ የት እንዳሉ ይነገረኝ፣ እንዳሳድጋቸውም ይፈቀድልኝ» ይላል። … አልተሳሳትኩም። ስማችን አለበት፣ ኢክላስ። «በከር ነስረዲን፣ ዕድሜው አሥር። ኢክላስ ነስረዲን፣ ዕድሜዋ አምስት።»

— … አለሽ? … እሺ፣ ቀስ ብዬ ልንገርሽ። የአሰብ መስመር ሾፌር እንደነበረ ታውቂያለሽ። አሰብ ታሞ ሰባት ወር ተኝቷል። … የሐኪም ወረቀቱ ተያይዟል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ድኖ ሲመለስ ቤታችን ሌላ ሰው ገብቶበታል። እኛ ደግሞ አየር ጤና። … አዎ፣ አጎታችን የተከራዩልን ቤት። «አባታችሁ ሄዷል፣ አይመለስም» ብለው ያስገቡን ቤት። እኔ አስታውሳለሁ፣ አንቺ ትንሽ ነበርሽ።

— አሥራ አንድ ቀጠሮ ነው ያለው። አሥራ አንዱንም ቀርቧል። አንዱን ገጽ ትገልጫለሽ «ከሳሽ ቀርቧል»፣ ሌላውን ትገልጫለሽ «ከሳሽ ቀርቧል» … ከእኛ ወገን የቀረበ ሰው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብቻ።

— … ታውቂዋለሽ ማን እንደሆነ። ለዚህ አይደል ወደ ጓሮ ያስወጣሁሽ።

— «እህቴ ልጆቿን ይዛ ወሎ ገብታለች፤ የት አውራጃ እንዳለች አላውቅም።» ምለው ነው የተናገሩት። መሐሙድ አሊ ብለው ፈርመዋል። ግንቦት ሰማንያ! በዚያ ግንቦት እኮ እኔ አየር ጤና ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በየወሩ ስኳርና ዘይት ተሸክመው የሚመጡልን እሳቸው ራሳቸው አልነበሩም እንዴ? … እኔም እንዳንቺ ነው ያልኩት። ያሳደጉን ሰውዬ! 

— ከዚያማ ዳኛው ምን ያድርግ? «የተከሳሽ አድራሻ ባለመታወቁ መዝገቡ ለጊዜው ተዘግቷል፤ አድራሻ ሲገኝ ይንቀሳቀሳል።» አለቀ። … አዎ፣ «ለጊዜው»።

— … ምን አልሽ? … አልተገኘም ልበላቸው? … ሸሁን እንዋሻቸው?

— ኢክላስ፣ ልንገርሽ። እኔም እሱን አስቤያለሁ። እዚያው ፍርድ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ እሱን ነው ያሰብኩት። ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለውና ዝም ልል። ሆድ ይፍጀው ብዬ። … ለአንቺ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ለራሴም ነው። ትምህርት ቤት እጅሽን ይዤ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። ብየዳ ቤት ገብቼ ዓይኔ እስኪቀላ የሠራሁት አንቺ ኮሌጅ እንድትጨርሺ ነው። እሁድ ከሸሁ ፊት ተቀምጬ፣ የሙሽራሽን የሙስአብን እጅ ይዤ «ድሬልሃለሁ» እንድል … ያቺን አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት አላህ ነው የሚያውቀው። ሱፍ አሰፍቻለሁ እኮ! … አታልቅሺ፣ እኔም ልከተልሽ ነው፣ ሎሚ እያየችኝ ነው።

— … ለምን አልቀደድኩትማ … ቆይ፣ ይሄ ነው ዋናው። አቶ ፈቃደን «የሃያ ዓመት መዝገብ እንዴት ቆየ?» ብዬ ጠየቅኩት። እንቅስቃሴ የሌለው መዝገብ ጊዜው ሲደርስ ይወገዳል አለኝ። ይሄኛው ግን እንቅስቃሴ አለው። … በየዓመቱ! ፍርድ ቤቱ ከክረምቱ ዕረፍት ተመልሶ ሲከፈት፣ በየጥቅምቱ፣ አንድ አንድ ገጽ ማመልከቻ ያስገባበታል። … አባታችን ነዋ! አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ቆጥሬያለሁ። አንድም ዓመት አልዘለለም። ደጅ ላይ ማመልከቻ የሚጽፍለት የራፖር ጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ ይለያያል፣ ፊርማው ግን አንድ ነው።

— አቶ ፈቃደንም ጠይቄዋለሁ፣ «ታዲያ እያወቅኸው ሁለት ወር ለምን አንከራተትከኝ?» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱስ ምን ያድርግ። «እኔ በቁጥር ነው የማወጣው ልጄ፣ ሰውዬው ቁጥሩን በቃላቸው ይጠሩልኛል፣ ወረቀታቸውን አያይዝላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። ስም አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኛ ስም ይዘን፣ እሱ ቁጥር ይዞ፣ በአንድ መስኮት ስንተላለፍ ከረምን።

— የመጨረሻው … ጥቅምት ዘጠኝ። የዘንድሮው ጥቅምት! ገና ሁለት ወር አልሞላውም ኢክላስ፣ እዚሁ ልደታ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። … አዎ፣ አለ። በሕይወት አለ። … ቀስ በይ፣ ተንፍሺ። … ተንፍሺ እህቴ።

— አድራሻውም አለ። አብነት፣ ከጎማ ጥገናው ጀርባ። … አዎ፣ አብነት! እኔ ብየዳ የተማርኩበት አብነት። በዚያ በር ስንቴ እንዳለፍኩ።

— ላንብብልሽ? … አጭር ናት። ግልባጩ እጄ ላይ ነው፣ መታወቂያዬን አይተው፣ ማኅተም መትተው ነው የሰጡኝ። … ስሚ እንግዲህ። «ለተከበረው ፍርድ ቤት። አዲስ የምለምነው ነገር የለኝም። ልጄ ኢክላስ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗታል። እንደ እድሜዋ ትዳር ይመጣላታል። የኒካዋ ቀን ወሊ ሲፈለግ፣ አባቷ ሞቷል ወይም ጥሏት ጠፍቷል እንዳይባልብኝ፣ በሕይወት መኖሬና …»

— … ቆይ። ቆይ፣ አንዴ። … ሎሚ፣ ውሃውን አቀብዪኝ። …

— «… በሕይወት መኖሬና አድራሻዬ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ እንዲቀመጥልኝ አመለክታለሁ። ነስረዲን ሰይድ።»

— አየሽ? ይሄንን ወረቀት እንዴት ልቅደደው? አንድ ቀን እኛ «ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ፍለጋ እንደምንመጣ አውቆ ነው የጠበቀን። በእውነት የመጣነውም ለሱ ነው። … አዎ፣ አፍሬያለሁ። በጣም ነው ያፈርኩት።

— ማነው? … ማን መጣ? … ኢክላስ? ሄሎ? … ሄሎ!

— … አቤት አጎቴ። … አዎ፣ በከር ነኝ። … ከበሩ ኋላ ሆነው ሰምተዋል? … እንግዲያው ድጋሚ አላደክምዎትም። … አልጮህኩም። በርስዎ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ዛሬም አላደርገውም። … አዎ፣ ፊርማዎ ነው። … አሳድገውናል፣ አልክድም። ደብተሬን የገዙት እርስዎ ነዎት፣ የኢክላስን ጫማ የገዙት እርስዎ ነዎት። እሱን ማንም አይወስድብዎትም።

— … አሰብ ሌላ ሚስት አግብቷል ብለው ሰምተው? … ሰምተው ነው እንጂ አይተው አይደለም። … ሆስፒታል ነበር አጎቴ! ወረቀቱ እዚህ አለ!

— … ይቅርታ። ይቅርታ፣ ጮህኩ።

— አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እናቴ ታውቅ ነበር? … መክሰሱን … እየፈለገን መሆኑን። … … አልሰማሁዎትም፣ ከፍ አርገው ይንገሩኝ። … አታውቅም። … ታዲያ «ከሰስኩት፣ አልቀረበም» የምትለንስ? … እርስዎ ነዎት የነገሯት? በስምሽ ከስሼልሻለሁ፣ ሰውዬው ግን አልቀረበም ብለው? … ያ አላህ። ያ አላህ!

— ያቺ ሴት እኮ እስክትሞት ድረስ «ምን አጉድዬበት ነው?» እያለች ነው የኖረችው። አጠገቧ ነበርኩ። የመጨረሻዋም ሳምንት ይሄንኑ ነው ያለችው። እርስዎም ነበሩ፣ ሰምተዋታል … ሰምተው ዝም አሉ!

— … አያልቅሱ አጎቴ። … አልረግምዎትም፣ ምላሴም አይሄድልኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ይሄው ጠራ። … ይቅር የምልበት ጉልበት ግን ዛሬ የለኝም፣ እንዳይጠይቁኝ። የተበደሉት ሁለት ናቸው። አንዷ ከአፈር በታች ናት። ሌላው አብነት ነው።

— የሚሆነውን ልንገርዎት። ሸሁን ይዘው ይነሱ። ካላችሁበት ከጌጃ ሰፈር አብነት ሩቅ አይደለም፣ በእግርም ይደርሳሉ። ታክሲ መውረጃው ጋ እጠብቅዎታለሁ። በሩን የማንኳኳው ግን እኔ አይደለሁም፣ እርስዎ ነዎት። ሽማግሌዎን ይዘው፣ ጫማዎን አውልቀው ገብተው፣ «እኔ ነኝ የደበቅኩብህ» ይበሉት። … እንደሚከብድዎት አውቃለሁ። ቀላል ነው አላልኩም። … ቢያስወጣኝስ? … ካስወጣዎት ያስወጣዎት! እሱን እዚያው ይቀበሉታል።

— … ይመጣሉ? … ወላሂ? … እሺ። ሸሁ አብረው ካሉ ደግ ነው። … ኢክላስን ይስጡኝ።

— እህቴ። … ሰማሽ አይደል? … አላውቅም፣ አባታችን እሁድ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እሱ ይወስናል። … ለሙስአብ እኔ እደውልለታለሁ፣ ኒካው ቢገፋም ይገባዋል፣ ልጁ ሰው ነው። … መልኩ? … እኔም እኮ በደንብ አልያዝኩትም። ረጅም ነበር። ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው። … አዎ፣ እንዳንቺ።

— አልተቀየምኩም። ምን ያስቀይመኛል? … ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽሽም። እሁድ ግን ከአባታችን ጎን እቀመጣለሁ፣ ምስክር መሆን አይቀርብኝም።

— ሸሁ አሁን ሲወጡ? … ምን ልበላቸው ትያለሽ? ስለ ወረቀቱ አትዘብዝቢ። «አባቴ አለ» በያቸው፣ በቃ። … እንዴት አትችይም? ሁለት ቃል እኮ ናት። … ብለሽው አታውቂም፣ አዎ። እኔም ብዬው አላውቅም። … እስቲ ለኔ በይኝ መጀመሪያ። …

— … አልሰማሁሽም። …

— … አዎ። … ድገሚው። …

— እንደገና። … እንደዚያ። አሁን ግቢና ንገሪያቸው። … ዘጋሁት።