ጄኔሬተሩ እስኪነሳ

በእኛ የወደብ ሰፈር በሚና ሰው ከጎረቤቱ ጋር በደንብ የሚተዋወቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ሊፍቱ ይቆማል፣ ሁላችንም ደረጃውን እየረገምን እንወጣለን። ሁላችንም ዐሞ፣ አጎት፣ የምንላቸውን ኢስበርንና ጂዶ፣ አያቴ፣ የምትላቸውን የልጅ ልጃቸውን ናይላን ያገኘኋቸውም እንዲያ ስወጣ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በራቸው ላይ ቆመው ይጨቃጨቁ ነበር።

ዐሞ ኢስበር በወጣትነታቸው የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ወንድማቸው ወዲዕ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች ኬላ ላይ ከአውቶቡስ እንዳወረዱት በዚያው ቀርቷል። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ቃል ነበራቸው፦ ከተለያየን ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ የራዲዮ ሞገድ ላይ በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ምት፣ እንጠራራ። ሽማግሌው ይህን ቃል አልረሱም። የራዲዮ መቀበያ የተገጠመለትን ትልቁን ኮምፒውተራቸውን ከፍተው በየምሽቱ ያዳምጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በዚያ ሰዓት መብራት ስለሚጠፋ ያለ ጄኔሬተር አይነሳም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ነገሩን ከንቱ ድካም አድርጌ አይ ነበር። ግን ያሳዝኑኝ ነበር።

«መምህር፣ እስቲ ይዳኙን» አለችኝ ናይላ። «ሁለት ማሽን ይዤላቸው መጣሁ። ጂዶ ግን አላይም ብለዋል።»

«ማሽን ነው የምትይው? አንዱ ጡብ፣ አንዱ የልጅ መጫወቻ» አሉ እሳቸው። «ይግቡ መምህር፣ ይዩልኝና ይሳቁ።»

ገባን። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ላፕቶፕና መዳፍ የምታክል ማሽን ተቀምጠዋል።

«ላፕቶፑ ቁልፎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ለእርስዎ ጣት ይመቻሉ» አለች ናይላ። «ባትሪው ሲደክም ገልብጠው በእጅዎ ይቀይሩታል። ትንሿ ለመጻፍ አትመችም፤ ግን ከሱም ያነሰ ኃይል ነው የምትበላው፣ ኪስም ትገባለች። ሁለቱም ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው የሚሠሩት፣ ንድፋቸውም ለማንም ክፍት ነው።»

«ንድፉ ቢከፈት ለኔ ምኔ ነው? የኔ ትልቁስ ምን ጎደለው?»

«መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።»

«ጄኔሬተር አለ አይደል እንዴ? ሥጋ ትቼ የምከፍለው ለምን መሰለሽ?»

ናይላ የመቀበያውን ገመድ ከትልቁ ኮምፒውተር ነቅላ ትንሿ ማሽን ላይ ሰካች። ከውስጧ የዝንብ ጥዝዝታ ወጣ።

«ይኸው ዝንብሽ» ብለው ሳቁ ሽማግሌው።

«ይቆዩ።» ልጅቷ የንድፉን ወረቀት ዘርግታ በጣቷ ተከተለችው። «የስክሪኑ መብራት ነው የሚጮኸው። ንድፉ የተደበቀ ስልክ ቢሆን ይሄን ማን ያሳየኝ ነበር?» አለችና ስክሪኑን አጠፋችው።

ጥዝዝታው ቆመ። በሕንፃችን እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ፍሪጅ የለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን የለ። ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ከዚያ ከሩቅ ምት ተሰማ፤ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም እያለ ቀጠለ።

ዐሞ ኢስበር ፊታቸው አመድ መሰለ። «የመጨረሻዋን ምት የሚያስረዝመው ወዲዕ ነው» አሉ።

«ጂዶ፣ ምን ይላል?»

«‹ቡሊ፣ መብራቱን አጥፋ› ይላል። ልጆች ሆነን አጠገቤ ተኝቶ እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

«የሚቀልድ ሰው ይሆናል።»

«ቡሊ መባሌን ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ልጄ።»

በዚህ መሐል ጄኔሬተሩ ከታች አጓራ፣ አምፖሉ በራ፣ ምቱም በጫጫታ ተዋጠ።

«ጄኔሬተሩ ነው ድምፁን የሸፈነው» አለች ናይላ በቀስታ። «ሕንፃው ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሞገዱ ላይ ይጮሃል። ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ነው የሚነሳው።»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ለጄኔሬተሩ የምከፍለው ወንድሜን ለመስማት ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ላፕቶፑ ቤት ቀረ፤ የሰሙትን ይጽፉበታል። ትንሿን ግን ከነመቀበያው በየምሽቱ ኪሳቸው ከተው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደማይደርስበት ወደ ባሕሩ ግንብ ጫፍ ይሄዳሉ። ትንሽ የሚበላ ማሽን ጨለማ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ክፍት የሆነም ጉድለቱን ለባለቤቱ እንደሚያሳይ አሁን ለሰው ሁሉ የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻችንም ስለ ማሽኖቹ ጠያቂ ሆነዋል።

አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ስክሪኑን አጥፍተው አዳመጡ፣ ከዚያ በቀለበታቸው ድንጋዩን በሞርስ መታ መታ አደረጉ። ምልክት የሚልኩበት ማሽን ግን የላቸውም።

«ምን አሉት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«መብራቱን አጥፍቻለሁ።»

ማሽኗ ላይ በሰኩት ማዳመጫ ይሰማ የነበረው ምት ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና መጣ፣ የመጨረሻዋ ረዘመች። ዐሞ ኢስበር ዓይናቸውን ጠረጉ።

«‹አየሁ› አለ» አሉኝ።