ጉም ውስጥ የሚያይ ካሜራ

ማኅሌት ቆሜ ስመለስ ፀዳ ላይ የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ጉም ውጦታል። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጎናቸው ያለውን ወታደር ይጠይቁታል።

«ካሜራችሁ በጉም ውስጥም ያያል ነው የምትለኝ?»

«አዎ አያ። የገላን ሙቀት ነው የሚያየው።»

«በጉም ጊዜ እኔ በሬዬን አጠገቤ ቆሞ አላየውም። እሱ ያየዋል?»

«ያየዋል። በሬ መሆኑንም ራሱ ይነግረኛል።»

«ሸጋ ነው። እኔስ ዱላዬን በትከሻዬ አጋድሜ፣ እጆቼን አንጠልጥዬበት ስሄድ ምን ይለኛል?»



«ታጣቂ።»

«ምነው ልጄ፣ የጃናሞራ ሰው እንዲህ እንደሚሄድ አላስተማራችሁትም?»

«ያስተማሩት ጃናሞራን የማያውቁ ናቸው።»

«አንተ ታውቅ የለም? አንተ አርመዋ።»

«ጉም ከሆነ እኔም የማየው እሱ ያሳየኝን ነው።»

ጭኔ ላይ ያጋደምኩትን መቋሚያ ቀስ ብዬ አቆምኩት።