የኦቦ ዲንቃ ሦስት ሽማግሌዎች

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ፊዚክስ ሳስተምር የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠራኝ። «ያ ራዲዮ ጠጋኝ ዲንቃ ጓሮው ውስጥ አውሮፕላን እየሠራ ነው። የሚበር ከሆነ ሊኮበልልበት ነውና ይታሰራል። አንተ አይተህ ንገረኝ» አለኝ። አብረን ሄድን። እውነትም ከቀርከሃና ከሸራ የተሠራች አውሮፕላን ቆማለች። ዓይኔ የቀረው ግን ከመቀመጫው ፊት፣ ኦቦ ዲንቃ ከአሮጌ ራዲዮ ዕቃ የሠሯቸው ሦስት የከፍታ መለኪያዎች ላይ ነው። «ኦቦ፣ ሦስት ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «ያ ባርሲሳ፣ አንተ መምህር፣ ደመና ውስጥ ገብቼ አንዱ ቢዋሸኝ ተራራ ያላትመኛል። ሁለቱ ቢጣሉ የትኛውን ልመን? ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፤ ከማን ጋር እንደቆመ አያለሁ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ስከተል እያንዳንዱ የራሱ ባትሪ ድንጋይ አለው። አዋቂ መሆኔ ነውና «አንድ ትልቅ ባትሪ ለሦስቱም አይበቃም ነበር?» አልኩ። ሳቁብኝ። «ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ቤት በልተው ከመጡ ምኑን ሽምግልና ሆነ?» ብለው የአንዱን ባትሪ ነቀሉ። የእሱ ቀስት ወደቀ፤ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም። እንዲህ የሚያስብ ሰው የሠራት አውሮፕላን እንደምትበር ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ራቅ ብሎ ከጓሮው በር ላይ የቆመው ሊቀመንበር ትዕግሥቱ አልቆ «ጓድ መምህር፣ ይበራል አይበርም?» አለ።

«ይቺ? ዶሮ ትሻላለች!» አልኩ። እየሳቀ ወጣ። ኦቦ ዲንቃ ባትሪውን እየመለሱ፣ ቀና ሳይሉ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። በዚያ ጓሮ ከነበርነው መለኪያዎች ሁሉ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።