ሊንኩ ላይ የተጻፈው ቃል

ምስክር፦ የሟች ሴት ልጅ፣ ዕድሜ 34
ሥራ፦ የቤት ዕቃ መደብር ድረ ገጽ አዘጋጅ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከሟች ጋር በአንድ ቤት
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ረፋድ

እናቴ የመርሳት ሕመም ነበረባት፤ የልብ መድኃኒትም በየቀኑ ትወስዳለች። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እኔ ልብስ ሳሰጣ በሩን ከፍታ ወጣች። ለዚህ ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን። እኔም ፎቶዋን የያዘ ገጽ በኢንተርኔት ከፈትኩ፤ መደብራችንና የማውቃቸው ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ገጹ የሚወስድ ሊንክ ለመለጠፍ ፈቀዱልኝ።

ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ የኢንተርኔት መፈለጊያው አንድ ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ከሚረዳባቸው ነገሮች አንዱ ሌሎች ሊንኩ ላይ የሚጽፉት ቃል ነው። ስለዚህ «ቤታቸው የጠፋባቸው እናት» ተብሎ እንዲጻፍ አዘጋጀሁ። ታላቅ ወንድሜ ሲያየው ተቆጣ።

«እማዬን አእምሮዋን ሳተች ብለሽ ለአገር ልታውጂ ነው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያገኛት ሰው ስሟን በምን ያውቃል? መፈለጊያው ላይ የሚጽፈው ያየውን ነው» ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ሊንኩ ሁሉ «የተከበሩ እናታችንን በተመለከተ» ተባለ፤ ገጹ ላይም ከስሟና ከፎቶዋ በቀር ሌላው ጽሑፍ ተሰረዘ። እናቱን ከዓይኑ ብሌን አስበልጦ የሚወድ ሰው ስለሆነ መከራከሩ አቃተኝ።

እሷ ለካ አውቶቡስ ተሳፍራ ሌላ ከተማ ወርዳለች። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከሱቁ ደጃፍ ዝናብ ሲመታት አይቶ አስገባት፤ ለዚያው ከተማ ፖሊስም ነገረ። ከምድጃው አጠገብ ፍራሽ ዘረጋላት። ሠራተኞቹ ሳይበሉ አልበላም እያለች፣ «ዳቦህ ጨው ያንሰዋል» እያለች ትቆጣው እንደነበር ነግሮኛል። መድኃኒቷን ግን ማን ይንገረው? እሁድ ልቧ ደክሞ ጤና ጣቢያ እንደደረሰች አረፈች። ማንነቷ የታወቀው ሁለቱ ፖሊስ ጣቢያዎች ፎቶ ሲያመሳክሩ ነው።

ትናንት አስከሬኗን ስንረከብ ጋጋሪው ስልኩን አሳየኝ። ከረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ «ቤታቸው የጠፋባቸው እናት» ብሎ ሲፈልግ ነበር። ገጻችን ግን አንድም ቀን አልወጣለትም።

ወንድሜ ጋጋሪው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። «ስልኩ ኢንተርኔት የለውም» አልኩት። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ የሚቀምሰው በልመና ነው፤ አሁንም ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ይህ ቃል እንዳይነበብለት እለምናለሁ።

እዚህ የተናገርኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ሐሰት የተናገርኩት ለወንድሜ ብቻ ነው።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________